እጅ የጠፋበት ስብሰባ

የልብስ ሰፊው ሱቅ ሊፈርስ ነው። መንገዱ ይሰፋል ተብሏል፤ የስፌት መኪኖቹ ወዴት እንደሚገቡ ግን የነገረው የለም። ሚስቱ፣ «ሳሎን አስገባቸው፤ እኛ መንገዱ ላይ እናድራለን» ብላዋለች። ስለዚህ የሰፈሩ አሮጌ የድንጋይ ትምህርት ቤት፣ ተማሪዎቹ ወደ አዲስ ሕንፃ ተዛውረው ባዶውን መቅረቱንና ለምን እንደሚውል ሰዉ በድምፅ ሊወስን መሆኑን ሲሰማ፣ ክራባት አስሮ መጣ።

ስብሰባው እዚያው ትምህርት ቤት፣ አንዱ ክፍል ውስጥ ነበር። የሰፈሩ ሰው ሁሉ የተማረው እዚያ ነውና፣ ገና ሲገባ የኋላውን ወንበር ተሻማ። ልብስ ሰፊው አርፍዶ ስለመጣ ፊት ለፊት ተጣለ፤ ጉልበቱ ዴስኩ ሥር አልገባ አለው።

ሰብሳቢዋ ጡረታ የወጡት የሂሳብ አስተማሪ ናቸው። ብቅ ሲሉ ሁሉም ብድግ አለ። የሲሚንቶ ጅምላ ነጋዴው እንኳ፣ ያን የሚያህል ሰውዬ፣ ማስቲካውን ዋጠ።

«ግድግዳውን መሃል ለመሃል አፍርሰን መጋዘን እናድርገው» አለ ነጋዴው።

ልብስ ሰፊው ተነሣ። «ይህን የመሰለ ሕንፃ ለሲሚንቶ ማከማቻ? ክፍሎቹን ለባለሙያ ስጡ። ይህችን ለስፌት ስጡኝ፤ ብርሃኗ ልዩ ነው። ስማር ዓይኔን ከመስኮቱ ነቅዬ ስለማላውቅ፣ ስለ ብርሃኑ እኔን ጠይቁኝ። ስለ ሂሳቡ ግን አደራ!»

ሳቁ። ነገሩ ያለቀ መሰለው።

«መጋዘን የምትሉ እጅ አውጡ» አሉ አስተማሪዋ፣ ከመነጽራቸው በላይ እያዩ።

አንድም እጅ አልወጣም። ነጋዴው ራሱ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማሰር ጀመረ፤ ጫማው ማሰሪያ የለውም።

«ስፌት የምትሉስ?»

አሁንም እጅ የለም። ልብስ ሰፊው እጁን ተነሥ ቢለው እጁ እምቢ አለ። እዚህ ክፍል ውስጥ እጅ ያወጣ ሰው ወደ ሰሌዳ ተጠርቶ እንደሚዋረድ፣ ከጭንቅላቱ ይልቅ ክንዱ ያስታውሳል።

«አንተ፣ የራስህን ሐሳብ እንኳ አትደግፍም?»

«እደግፋለሁ ቲቸር፤ በልቤ ነው።»

ቀድማ መጥታ ከኋላ የተቀመጠችው ሚስቱ ተነሣች። እሷ የተማረችው ሌላ ሰፈር ስለሆነ አትፈራም። «እትዬ፣ እባክዎ ፊትዎን ወደ ሰሌዳው ያዙሩልን። እኔ እቆጥራለሁ።»

አስተማሪዋ ዞሩ። ጀርባቸው ሲታይ ክፍሉ ነፍስ ዘራ፤ አንዱማ አፏጨ። ለመጋዘን ጥቂት እጅ ወጣ። ለስፌት ሲባል ግን ክፍሉ እጅ በእጅ ሆነ፤ ልብስ ሰፊው በደስታ ሁለቱንም አነሣ።

«አንዱን አውርድ፣ አታሳፍረኝ!» አለች ሚስቱ። «ያለሱም አልፏል።»

አስተማሪዋ «አልፏል» የምትለዋን ሰምተው ዞር ሲሉ፣ የወጣው እጅ ሁሉ ባንዴ ወረደ። የልብስ ሰፊው ብቻ አየር ላይ ደርቆ ቀረ።

«አንተ፣ ምን ፈለግህ?»

«ል... ልውጣ ቲቸር?»

«ወዴት ነው የምትወጣው? ክፍሉን ሰጡህ እኮ፤ ተቀመጥ!»

ተቀመጠ።