ጨው ያልኩት ወተት

ሥራዬ ጎሚስታ ነው፤ ጎማ እለጥፋለሁ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ መምህሩ የጠየቀኝን ትቼ ያልጠየቀኝን ስለምመልስ። ወሬ ስለምቀድ ደንበኞቼ «ቀደዳው» ይሉኛል። አንዴ ከጭነት መኪና ጎማ ውስጥ የተኛች አህያ አወጣሁ ብዬ ባወራ፣ ሁለት ሰዎች አህያዋን ሊያዩ ከሌላ ሰፈር መጥተዋል። በዚህ እኮራ ነበር፤ እህቴ እስክትወልድ ድረስ።

የወለደችው ሰኞ ነው። ባሏ ሹፌር ነበር፤ ከሁለት ወር በፊት መኪናው ተገልብጦ ሞተ። ከቀብሩ ጀምሮ ዘመድ ጎረቤቱ ሁሉ «ለሆድሽ ልጅ ስትይ ጠንከር በይ» ሲላት፣ እንባዋን ዋጥ አድርጋ ወሯን ጨረሰች። ማክሰኞ ሆስፒታል ልጠይቃት ስገባ ልጇን ታቅፋ ግድግዳ ታያለች። በክፍሉ ያሉት ሌሎቹ ሦስት ወላዶችም ዝም ብለዋል። እኔ ደግሞ ዝም ያለ ክፍል አልወድም።

«ሰማችሁ?» አልኩ። «እኛ ሰፈር አንዲት ሴት ሐዘኗን በሆዷ ይዛ ስታጠባ ወተቷ ጨው ሆነ! ልጁ በጠባ ቁጥር ውሃ ይጠማዋል። መጀመሪያ ባልዲውን ጨረሰ፣ ቀጥሎ በርሜሉን፣ በሦስተኛው ቀን የሰፈሩ ቧንቧ ደረቀ። የውሃ መሥሪያ ቤት ሰዎች መጥተው ቆጣሪ አፉ ላይ ገጠሙለት!»

መስኮቱ ጋ የተኛችው አትክልት ሻጭ «ወይኔ ስፌቴ! ኧረ ተው አታስቀኝ!» እያለች ሆዷን ይዛ ተንፈራፈረች። እህቴ አልሳቀችም። እኔም የሰማችኝ አልመሰለኝም።

በማግስቱ ስመለስ ነርሷ በር ላይ ያዘችኝ።

«ወንድሟ ነህ? ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ ጡት አልሰጥም ብላለች። ለምን ስንላት መልስ የለም። ለሕፃኗ በማንኪያ ትንሽ ሰጥተናታል፤ አይበቃትም። እስቲ አንተ አናግራት።»

የሕፃኗ ከንፈር ደርቋል፤ ከማልቀስ ብዛት ድምፅዋ ሰልሏል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

«ምን ሆነሻል፣ እታለም?»

«ቀመስኩት» አለችኝ በሹክሹክታ። «ከሄድክ በኋላ በጣቴ ጠብ አድርጌ ቀመስኩት። ጨው ጨው ይላል። አላለቀስኩም እኮ፣ ወንድምዓለም። ለእሱ አንድ ቀን እንኳ አላለቀስኩም። ለካ እንባው ወደ ወተቴ ነው የሄደው። ታዲያ ይህን ላጠጣት?»

 

«ውሸት ነው! እኔ ነኝ የፈጠርኩት! እንዲህ ያለች ሴት የለችም።»

«የምትዋሸውስ አሁን ነው። ልታጽናናኝ።»

«እማዬ ትሙት!»

«ለአህያዋም እማዬ ትሙት ብለህ ነበር።»

ዕድሜ ልኬን ስቀድ ሰው ያመነኛል፤ አንድ ቀን እውነት ብናገር የገዛ እህቴ አላምንህም አለችኝ፤ ልጅቷ ደግሞ ክንዷ ላይ በረሃብ አፏን ትከፍታለች ትዘጋለች። ተነስቼ ወደ አትክልት ሻጯ ሄድኩ። ልጇ ጡቷ ላይ ተለጥፏል።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ። ወተትሽን ቅመሺልኝ።»

«ምን አልክ አንተ ባለጌ?»

አንገቴን ደፍቼ ሁሉንም ነገርኳት። ቁጣዋ ከፊቷ ጠፋ። «በእኔ ሳቅ ነው እንዲህ የሆነችው?» አለች። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞራ ጣቷን አፏ ውስጥ ከተተች።

«ጨው ጨው ይላል!» ብላ ጮኸች። «አንቺ፣ ስሚ! የእኔም እንደዚያው ነው! እኔ ምን ሐዘን አለብኝ? ባሌ እንደሆነ ያመጣልኝን ሙዝ ኮሪደር ላይ ቆሞ ራሱ እየበላው ነው! ልጄን እዪው እስቲ፣ ምን ሆነ?»

ነርሷ ከበሩ ገባች። «የመጀመሪያው ወተት፣ እንገሩ፣ የማንም ሴት ቢሆን ጨው ጨው ይላል። ያዘነችም የሳቀችም እኩል ናቸው። ብትነግሪኝ ኖሮ ትናንት እነግርሽ ነበር፣ እህቴ።»

እህቴ ነርሷንና አትክልት ሻጯን በየተራ አየቻቸው፤ እኔን ግን ዘለለችኝ። የቀሚሷን ቁልፍ ፈታች። ልጅቷ ያዘች፣ ለቀቀች። «አፏን ሰፋ ስታደርግ አጉርሻት!» አለች አትክልት ሻጯ። እንደገና ያዘች። ትንሽ ቆይቶ የመዋጧ ድምፅ ተሰማ።

ያኔ እህቴ አለቀሰች። የባሏን ስም እየጠራች፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ አለቀሰች። ልጅቷ አብራ እየተናጠች ጡቱን አልለቀቀችም።

«ይቅር በይኝ፣ እታለም» አልኳት።

ዓይኗን ከልጇ አላነሳችም።

«ገና ነው» አለችኝ። «መጀመሪያ እሷ ትጥገብ።»

ተቀመጥ አላለችኝም። ቆሜ ጠበቅኩ።