የሬሀና ቀን

«እጅሽን ፍቺው፤ አትጨብጪ» አለች አምሳል።

መሕቡባ ጣቶቿን ዘረጋች። የግፊት መለኪያው ክንዷን አንቆ፣ አንቆ፣ ተንፍሶ ለቀቃት። ፊት ለፊት ፍራሽ ላይ የተቀመጠችው ጎረቤቷ እትዬ ኡሙሰልማ ሻይዋን እንደያዘች ቀረች።

«መቶ ዘጠና በመቶ አስር። ኪኒኑን ካቆምሽ ስንት ቀንሽ ነው?»

«ሬሀና ከሞተች።»

«ሦስት ቀን ሙሉ?»

«ምንም አላመመኝም።»

«እኔም የምፈራው እሱን ነው። ግፊት መጣሁ ብሎ አይመጣም። ሬሀናንስ መቼ አመማት?»

«ይቺን ከምትመክሪ ግድግዳውን ምከሪ» አለች ኡሙሰልማ። «እሱ ቢያንስ መልስ አይመልስም።»

አምሳል ሳውዲ፣ ኮበር ከተማ ውስጥ ያለ አንድ ክሊኒክ ነርስ ናት። ከመሕቡባ ጋር አንድ ክፍል የምትኖረው ሬሀና የምታጸዳው እዚያ ነበር። ለቅሶ ልትደርስ ስትመጣ የመሕቡባን ፊት አይታ ነው መለኪያውን ከቦርሳዋ ያወጣችው።

መሕቡባ እጅጌዋን መለሰች። ኪኒኑን የማትውጠው ለምን እንደሆነ ለነሱ አልተናገረችም። የሬሀናን ዕድሜ የበላሁት እኔ ነኝ፣ ብላ ነው።

ዐቅረቢያ ሰፈር፣ ከጎማ ቤት በላይ ሦስተኛ ፎቅ፣ አንዲት ክፍል። መሕቡባ ሰይሃት ከተማ በሠራተኝነት ከነበረችበት ቤት ከወጣች ሁለት ዓመቷ ነው፤ አሠሪዋ፣ ካፊሏ፣ ጠፍታለች ብሎ ሁሩብ አስመዘገበባት። ከዚያ ወዲህ ፖሊስ እንዳይዛት ተደብቃ ፀሐይን በመስኮት ነው የምታውቃት። ሳምቡሳ ትጠቀልላለች፣ ሬሀና ወስዳ ታስረክብ ነበር። ደረጃ ላይ የወንድ ጫማ ከተሰማ መብራት ታጠፋለች።

ግፊት እንዳለባት የታወቀው ሬሀና አንድ ቀን መለኪያ ተውሳ ስታመጣ ነው። የሁለቱም ከፍ ያለ ሆነ። ሬሀና ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ነበራት፤ ሐኪም በየወሩ ሠላሳ ፍሬ ኪኒን ይሰጣት ነበር። መሕቡባ ግን ሐኪም ዘንድ አትቀርብም፤ ያለ ሐኪም ወረቀት ደግሞ መድኃኒት ቤቱ «ማፊ»፣ የለም፣ ነው የሚለው።

«እንካፈላለና» አለች ሬሀና። «አንድ ቀን አንቺ፣ አንድ ቀን እኔ።»

«ያንቺን አልበላም።»

«ወላሂ ካልዋጥሽ እኔም አልውጥም!»

መሕቡባ መጀመሪያ ሰሞን ምላሷ ሥር ደብቃ ቆይታ ትተፋው ነበር። ሬሀና ደረሰችባት። ከዚያ በኋላ በመሕቡባ ቀን ፊቷ ቁጢጥ ትላለች። «አፍሽን ክፈቺ! ምላስሽን አንሺ! ወይ ጉድ፣ ጥርስሽስ የት ሄደ?» እያለች ታስቃታለች። በራሷ ቀን ግን ውኃዋን ይዛ ወደ መስኮቱ ትዞራለች። መሕቡባ አንድም ቀን አፏን አላየችም።

ሰኞ ጠዋት ሬሀና አባያዋን ልትለብስ ስትል አፏ ወደ አንድ ወገን ተጣመመ። ጎረቤቶች ተሸክመው አወረዷት። መሕቡባ እስከ በሩ ተከተለች፤ መድረኩ ላይ እግሯ ተተከለ። ሆስፒታል ኢቃማ ይጠይቃል። መኪናው ሲሄድ የሰማችው በመስኮት ነው፤ መሞቷን የሰማችው በስልክ። ደማም ከተማ ስትቀበርም ወንዶቹ ሄዱ፣ እሷ እዚሁ ተቀመጠች።

ኡሙሰልማ ብርጭቆዋን አስቀምጣ ተነሳች። «ሦስቱ ቀን ሞላ። ልብሷን እንለይና ሰደቃ እናድርግላት» ብላ የሬሀናን ትራስ አራገፈች። ከትራሱ ውስጥ የቫዝሊን ቆርቆሮ ወደቀና ተንኳኳ።

አምሳል ከፈተችው። ጫፍ ጫፋቸው የሟሟ፣ እርስ በርስ የተጣበቁ ነጫጭ ኪኒኖች። ቆጠረቻቸው፤ ሃያ ሦስት።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች ኡሙሰልማ።

«ከአፍ የወጣ ነው» አለች አምሳል ቀስ ብላ። «አልዋጠችውም።»

መሕቡባ ቆርቆሮውን ተቀበለች። ሬሀና በሁለት ወር ውስጥ ኹሩጅ፣ የመውጫ ፈቃድ፣ ወጥቶላት አገሯ ልትገባ ነበር። «እኔ ስሄድ ላንቺ ማን ያመጣልሻል?» ትላት ነበር። «አላህ» ትላለች መሕቡባ። ሬሀና ታዲያ ወደ መስኮቱ ትዞራለች።

«ለኔ ነው ያጠራቀመችው» አለች መሕቡባ።

«እርጥበት ገብቶበታል፤ አይሠራም። ከሱ እንዳትውጪ» አለች አምሳል። «ብቻ አንዷ የሌላዋን መድኃኒት አትወስድም ብዬ ስንት ጊዜ ነገርኳት! ‹እሺ እህቴ› እያለች…» ዐይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። ከዚያ ለክሊኒኩ ሐኪም ደውላ የመሕቡባን ግፊት ነገረችው፣ ከሬሀና የኪኒን እሽግ ላይ የመድኃኒቱን ስም አነበበችለት፣ ዓመት እንደቆየችበት ነገረችው።

«ለዛሬ አንድ ብቻ ዋጪ ብሏል። ያለፈውን ለማካካስ ብለሽ እንዳትደርቢ። ነገ ጠዋት እሱ ራሱ ይይሽ። ደረትሽን ከወጋሽ ወይ አፍሽ ከተሳሰረ ግን ነገ የለም፤ አሁኑኑ ነው።»

«መንገድ ላይ ቢይዙኝስ?»

«አይዙሽም ብዬ አልዋሽሽም። አብሬሽ እሄዳለሁ። ቢይዙሽም በሕይወትሽ ነው የሚይዙሽ።»

መሕቡባ በሩን አየችው። ሁለት ዓመት ሙሉ የጠበቃት እሱ ነው። የዘጋባትም እሱ ነው።

«ዛሬ የሬሀና ቀን ነው» አለች።

«የማንም ቀን የለም። በየቀኑ ነው» አለች አምሳል።

«አንቺ ሴት» አለች ኡሙሰልማ፣ «ልጅቱ ከገዛ አፏ ነው ያወጣችልሽ። አንቺም ከሞትሽ ለማን ነው ያወጣችው?»

መሕቡባ ተነስታ አባያዋን ከሻንጣው ሥር ጎትታ አወጣችና፣ ለነገ፣ በሩ ላይ ሚስማሩ ላይ ሰቀለችው። ከእሽጉ አንድ ፍሬ ፈልቅቃ በውኃ ዋጠች።

ከዚያ ወደ ሬሀና ፍራሽ ዞረች፤ አፏን ከፈተች፣ ምላሷን አነሳች፣ እንደዚያው ቆየች።