የኅሩይ መርዶ

አስፋ በጄኔቭ ሐበሻ ዘንድ የታወቀ መርዶ ነጋሪ ነበር። እንጀራው አይደለም፤ እንጀራውንማ የሚበላው ከቢሮ ሥራው ነው። ነገር ግን ደርግ የስንቱን ልጅ፣ የስንቱን ወንድም በልቶ ወሬው ስዊስ ሲደርስ፣ «ጋሽ አስፋ ይንገሩልን» ይባላል። እሱም ጥቁር ልብሱን ለብሶ ጎሕ ሲቀድ ሰው ደጅ ይቆማል። እንዲህ ያለውን ሹመት ለጠላትም አይስጥ!

በ1977 ዓ.ም. በሚያዝያ፣ ለዛቫንሼ በሚባለው የጄኔቭ ሰፈር ቤቱ ተቀምጦ ሳለ የኅሩይ ሚስት የወይንሐረግ ከዙሪክ ደወለችለት። የባሏን የደረት ራጅ ያየው ሐኪም «የሳንባ ካንሰር ነው፤ ገና ስላልተሰራጨ ግራ ሳንባውን አውጥተን ልናድነው እንችላለን» ብሏታል። ጀርመንኛውን የምታስተረጉምለት እሷ ናትና ለባሏ የነገረችው ሌላ ነው፤ «ውሃ ቋጥሯል» አለችው። ኅሩይ ደግሞ ግትር ነው። «ለጠብታ ውሃ ብዬ ደረቴን አላስቀድድም!» ብሎ እርፍ አለ።

«እኔ አልችልም፣ ጋሽ አስፋ» አለች ስቅስቅ ብላ። «እንደ ወጉ እርስዎ ይንገሩልኝ።»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ሚስት ስትደብቅለትስ?

አስፋ ክፉ ወሬ የሚናገርበትን አንድ መንገድ ብቻ ነበር የሚያውቀው። ዙሪክ ሄዶ አፎልተርን በሚባለው ሰፈር ቢረሳው ከሚባል ወዳጁ ቤት አደረ። ከዚያ ቢረሳውንና ሚስቱን ዘነበወርቅን አስከትሎ፣ ሦስቱም ጥቁር በጥቁር ሆነው፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከከተማው ዳር ሽሊረን ወደምትባለው ሰፈር ሄደው የኅሩይን በር አንኳኩ።

ኅሩይ በፒጃማው ከፈተ። አያቸው።

«እናቴን! ወይኔ እናቴን!» ደረቱን፣ ያንኑ የታመመውን ደረቱን፣ በቡጢ ይደቃው ጀመር። በዚያ አገር በማለዳ ምስማር መምታት እንኳ ነውር ነው፤ የፎቁ በሮች ሁሉ ተከፈቱ።

አስፋ ተንደርድሮ ሁለቱን እጆቹን ያዛቸው። «ኧረ እማማ ጥሩወርቅ ደህና ናቸው! የመጣነው ላንተ ነው፣ ኅሩይ። ሳንባህ ላይ ያለው ውሃ አይደለም። ካንሰር ነው።»

ኅሩይ እንባው ጉንጩ ላይ እንዳለ ቀና አለ። «እናቴ አለች?»

«አሉ።»

«ማርያምን በል።»

«ማርያምን!»

«ተመስገን!» አለና ተደፍቶ መሬት ሳመ። አስፋ በዕድሜው የገዛ መርዶውን ሰምቶ የሚያመሰግን ሰው አይቶ አያውቅም።

የወይንሐረግ ራጁን ከደበቀችበት ከቁም ሳጥኑ ጀርባ አወጣችና መስኮቱ ላይ ዘረጋችው። ፀሐይ እየወጣች ነበር። የጎድን አጥንቶቹ እንደ ጎጆ ማገር ተደርድረዋል፤ በመሃል ልቡ፣ ከልቡ ጎን እንቁላል የሚያህል ነጭ ነገር። ዘነበወርቅ አማተበች።

«ይህን ሁሉ ይዤ ነው ሳላውቀው የምተነፍሰው?» አለ ኅሩይ በሹክሹክታ። «ተኝቼ እንኳ ይተነፍስልኛል እኮ። ማን አዘዘው?»

ከዚያ ወደ አስፋ ዞረ። «ጋሼ፣ እኔ ብሞት፣ አዲስ አበባ እናቴ ደጅ እንዲህ ጎሕ ሲቀድ የሚቆም ይኖራል?»

አስፋ ሊዋሽ ፈለገ፤ አቃተው። «ይኖራል።»

«እንግዲያው ይቅደዱኝ።»

ከቀዶ ጥገናው በኋላ አስፋ ሊጠይቀው ዙሪክ ተመለሰ። በጠዋት ነበር የደረሰው፤ ነገር ግን በማለዳ ሰው ፊት መቆም ፈራና፣ ቡናማ ኮቱን ለብሶ እስኪረፍድ ሆስፒታሉ ደጅ ተቀመጠ። ሲገባ ኅሩይ ተኝቷል። የቀኝ ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ግራው ጸጥ ብሏል። ግማሽ ደረት አንድ ሙሉ ሰው ማኖሩ ለአስፋ ተአምር ሆነበት፤ ወንበር መሳቡን ረስቶ ቆሞ ያየው ጀመር።

ኅሩይ ዓይኑን ገለጠ። ለእያንዳንዷ ቃል ትንፋሽ እየሰበሰበ «የእናቴን በር… አላንኳኳችሁም?» አለ።

«ማንም አላንኳኳም» አለ አስፋ።