ሳይሰረዙ የቀሩት መልሶች

የባን ሄሪም ሥራ የሰው ደብዛ ማጥፋት ነው። ኩባንያዎች ሕዝቡን ምን ትገዛለህ፣ ምን ታያለህ እያሉ ያስጠኑት ጥናት ሲያረጅባቸው ሴኡል ላለው የመረጃ ማኅደር ይሰጡታል። እሷ ደግሞ ተመራማሪ እጅ ከመግባቱ በፊት መላሹ ማን እንደሆነ የሚያሳብቀውን ሁሉ ትለቅማለች። የመንደር ስም ይፋቃል፣ ዕድሜ በዐሥር በዐሥር ይጠቀለላል፣ ሰዎች በገዛ አፋቸው የተናገሩት ደግሞ ከነጭራሹ ይሰረዛል።

ይህ የመጨረሻው ደንብ ግን ለሄሪም አይዋጥላትም ነበር። ሰው ከልቡ የተናገረውን ደምስሶ ቁጥር ብቻ ማስቀረት ምን የሚሉት ጥናት ነው? በጸደይ የቴሌቪዥንና የሸመታ ጥናት ሲመጣላት ስምና ቦታ የማይጠሩትን መልሶች መርጣ ተወቻቸው። ጭራሽ ለባልደረቦቿ እያነበበች አስቃቸዋለች፤ ዛሬ ይህን ስታስታውስ ፊቷ ይግላል።

በመከር አንድ ዩኒቨርሲቲ ሄዳ የመረጃውን አጠቃቀም ስታስተምር አንድ ተማሪ እጁን አወጣ።

«መምህር፣ እኔ እኮ ጎረቤታችንን አገኘኋት!»

ክፍሉ ሳቀ። ሄሪምም አብራ ሳቀች። «እንዴት አድርገህ?»

«ዜና መጀመሪያ ከየት ይሰማሉ ሲሏት፣ ‹ከትኬት መስኮቴ በላይ ከተሰቀለው የመንደሩ ሹም ድምፅ ማጉያ› ያለችው አለች አይደል? እንደዛ ያለ መስኮት ያለው የኛ ደሴት ጀልባ ማቆሚያ ላይ ነው። ፕዮ ኦክሱን ናት! የጠዋቱን ድራማ ለምን እንደምታይ ሲጠይቋትማ፣ ‹እሱ እስኪያልቅ ከአማቴ ጋር ማውራት የለብኝም› ብላ አረፈች። ለእናቴ ብልክላት በሳቅ ፈረሰች። አሁን ደሴቱ ሙሉ ያውቀዋል።»

ሄሪም ከክፍሉ እንደወጣች ለመሥሪያ ቤቷ ደወለች።

አለቃዋ ጉ ቦንሴክ ነገሩን እንደሰማ መልሶቹን ከማኅደሩ አስወረደ። ሄጄ ይቅርታ ልጠይቃት ስትለው ግን ቱግ አለ።

«ማንን? እኛ ጋ ስም የለም!»

«እኔ ግን አወቅኋት።»

«እሱ ራሱ ጥፋት ነው። አርፈሽ ተቀመጪ!»

አርፋ መቀመጥ አልሆነላትም። የማታውቃት ሴት ሥራ ላይም መንገድ ላይም አብራት ትውላለች። ቅዳሜ አንድ ካርቶን ፖም ገዝታ ጀልባ ተሳፈረች።

ትኬት ቤቱ ውስጥ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ደስተኛ ሴት ተቀምጣለች። ከኋላዋ በጨውና በበርበሬ ተብላልቶ ኪምቺ የሚሆን ጎመን ተቆልሏል።

«እናቴ፣ እርስዎን ፈልጌ ነው የመጣሁት።»

«እኔን? ግቢ ግቢ፣ ብርዱ አይጫወትብሽ! ይኸው የክረምቱ ኪምቺ በኔ ብቻ ወድቋል። ጨው የምትነሰንስልኝ አማቴ ነበረች። ስንጨቃጨቅ ውለን ጎመኑ ሲያልቅ እናዝናለን። ዘንድሮ ግን የቤታችሁ ደረጃ ለጉልበቴ ከበደኝ ብላ ሴት ልጇ ጋ ገባች። ቤቱ ጭር አለብኝ።»

ሄሪም እዚያ ላይ መመለስ ነበረባት። ኦክሱን ወሬውን ገና እንዳልሰማች ገብቷታል። ግን ለቀናት ያጠናችው ይቅርታ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበርና ተንበርክካ ሁሉንም ዘረገፈችው፤ ደንቡን፣ ተማሪውን፣ ሳቁን። እያወራች ደረቷ ሲቀልላት ተሰማት፤ በዚያም ራሷን ጠላች።

ሄሪም ስትጨርስ ኦክሱን ጠየቀቻት።

«ሰው ሁሉ ያውቃል?»

«አዎ።»

«እሷም?»

«ሳትሰማ አትቀርም።»

«እኔ እኮ ጉልበቷን አሟት መስሎኝ መድኃኒት እልክላታለሁ። ሳይከፈት ይመለሳል፤ ግራ ገብቶኝ ነበር።» ኦክሱን አንድ ጎመን አነሣችና መልሳ አስቀመጠችው። «እንደዛ ያልኩት እኮ ለቀልድ ነው። ጠያቂዋ ልጅ በብርድ ስትንቀጠቀጥ አሳዘነችኝ፤ ላስቃት ብዬ ነው።»

«ይቅር ይበሉኝ፣ እናቴ።»

«ይቅር ማለቱስ ምንም አይደል። ቅድም እኮ የተቀየመኝ ሰው አልነበረም፤ ጉልበቷ የታመመ አማት ነበረችኝ። ልጄ፣ ለማን ብለሽ ነው የነገርሽኝ?»

ሄሪም መልሱን ታውቀዋለች። አፍ አውጥታ ልትናገረው ግን አፈረች።