የወንዳወቅ ሁለት ሕመም

«እሺ ባክሽ፣ አልሄድም! ገና ሳንዛመድ እንዲህ ከያዝሽኝማ…» አለች እትዬ ተዋበች። ለቅሶ ልትደርስ ከደሃና መጥታ ተሰናብታ መነሣቷ ነበር። እታገኝ እጇን ጨብጣ አልለቅ ስትላት፣ ሐዘንተኛዋ እናት አትሂጂብኝ ያለቻት መስሏት ተመልሳ ፍራሹ ላይ ተቀመጠች።

እታገኝ ግን ጣቶቿ እምቢ ብለዋት ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ አንዴ ከጨበጡ ቶሎ አይፈቱም። ሰው ከመጨበጧ በፊት ነጠላዋ ውስጥ እየጨበጠች እየዘረጋች ታፍታታቸው ነበር። ዛሬ ረሳችው።

የሟቹ ልጇ የወንዳወቅ ጣቶችም እንዲሁ ነበሩና ዘዴውን አስተምራው ነበር። «ሰው እንዳያይብህ ቀድመህ አፍታታው» ትለው ነበር። ኋላ በየማታው የዓይኑ ቆብ እየወደቀ፣ ጉርሻ አልዋጥ እያለው ባሕር ዳር ሆስፒታል ስትወስደው፣ ኮሪደሩ ላይ እጁን አፍታቶ ገባ። ሐኪሙ የታየውን ሕመም አወቀ፤ ኪኒኑም ሠራ፣ ዓይኑ ተገለጠ። ቆይቶ በምርመራ ደረቱ ውስጥ የተገኘው እጢ በቀዶ ሕክምና እንዲወጣ ተወሰነ።

«ከቤተሰቡ የጡንቻ ሕመም ያለበት ሰው አለ?» ሲል ሐኪሙ ጠየቀ።

«የለም» አለች እታገኝ። ወንዳወቅ ቀና ብሎ አያት።

ከማደንዘዣው አልነቃም።

«ሁለት ሕመም ነበረበት» አላት ሐኪሙ። «ሌላውን፣ ጣት የሚይዘውን፣ ብናውቅ ልቡን ቀድመን እናይ፣ ማደንዘዣውንም እንለውጥ ነበር። በዘር የሚመጣ ነው። እህት ካለችው ትምጣ።»

እታገኝ ይህን ለማንም አልተናገረችም።

«እኔ የምልሽ» አለች ተዋበች ፍራሹ ላይ ጠጋ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ የእታገኝ ልጅ ሰገነት ለተዋበች ወንድ ልጅ ታጭታለች። «ሰው መቼም አፍ አለው፣ ዘር ነው ይላል። እኔማ ‹የእታገኝ ቤት ንጹሕ ነው› ብዬ አፋቸውን አስያዝኳቸው።»

ከማዶ ለለቀስተኛው ውኃ ስትቀዳ የቆየችው ሰገነት፣ ጆጉን አስቀምጣ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች። ከነጠላው ሥር ጣቶቿ ሲጨበጡና ሲዘረጉ እታገኝ አየች። እሷን ግን አላስተማረቻትም ነበር።

እታገኝ ወደ ተዋበች ዞረች።

«እትዬ ተዋበች፣ ዘር ነው። በእኔ ነው የመጣው። ሰገነትም ሳይኖርባት አይቀርም።»

«ኧረ በስመ አብ! እንዲህ ያለ ነገር ለቅሶ ቤት ይወራል?»

«ታዲያ የት ልንገርዎ? ሰርጉ ላይ?»

ተዋበች አጠገቧ ያሉትን ሴቶች በቆረጣ አየቻቸው፤ ከዚያ ተነሥታ ወጣች። ሰገነት መጥታ በባዶው ቦታ እናቷ ጎን ተቀመጠች።

ከአርባው በፊት ከተዋበች የተላኩ ሽማግሌዎች መጥተው ሰርጉ መቅረቱን ተናገሩ። በማግሥቱ እናትና ልጅ ባሕር ዳር ሄዱ፤ ሰገነት ልቧን በሐኪም ታየች።