ባንዲራው ከወደቀ በኋላ

መምህር ጌታቸው የእንግሊዝኛ ፈሊጥ ሲያስረዳ ላየው፣ ፈሊጡን እሱ ራሱ የወለደው ይመስላል። ሰኞ ሰኞ በወልቂጤው ትምህርት ቤት ሰንደቅ ዓላማ ሥር ማይክ ይዞ ተማሪውን ፀሐይ ላይ ያቆማል። የዚያን ሰኞ ተራው «ባንዲራውን ክበቡ» የሚለው ነበር።

«ትርጉሙ» አለ ደረቱን ነፍቶ፣ «በክፉ ቀን ለአንድ ሰው ወይም ለአንድ ዓላማ አብሮ መቆም ነው። መነሻው ጦር ሜዳ ነው። ድሮ ሠራዊት ሲበተን፣ ወታደሩ ባንዲራውን ከሩቅ አይቶ ዙሪያውን ይሰባሰብ ነበር።»

ከሰልፉ ኋላ የቆመችው የባዮሎጂ መምህርት ወይንሸት ይህን ስትሰማ ልቧ ሞቅ አለ። የአንድ ሹም ልጅ በእሷ ፈተና ወድቆ «ውጤቱን አልቀይርም» ስላለች፣ ርዕሰ መምህሩ ቸሃ ገጠር ሊያዛውራት ለዚያው ዕለት ስብሰባ ጠርቷል። የአልጋ ቁራኛ እናቷን ይዛ የት ትገባለች? ደግነቱ ቅዳሜ ጁስ ቤት ሰባት መምህራን «አንቺን ከነኩ ሁላችንም እንለቃለን» ብለው ምለውላታል። ከሁሉ አስበልጦ የማለው ጌታቸው ነው።

ስብሰባው ላይ ርዕሰ መምህሩ «ከወይንሸት ጎን የሚቆም እጁን ያውጣ» አለ። ወይ ጉድ! አንዱ ስልኩን ይጎረጉራል፤ ሌላው ጫማው ላይ የተጻፈ ነገር ያለ ይመስል አቀርቅሯል። ጌታቸው ግን ተነሳ።

«ሐሳቧን በመርህ ደረጃ እደግፋለሁ» አለ ጉሮሮውን ጠርጎ። «ሆኖም የአቀራረብ ችግር አለባት።»

ብሎ ተቀመጠ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ እነዚህ አንጀቱን ከየት ያምጡት። ወይንሸት ሰባቱንም አንድ በአንድ አየቻቸው። ንዴቱ እንኳ አልመጣላትም፤ ናቀቻቸው።

ለሽኝቷ ግን ማን ይቅር! ሰባቱም ሱፍ ለብሰው መጡ። ክትፎው ሲቀርብ ስብሰባው ላይ ያልተነሳው እጅ ሁሉ ተነሳ። ጌታቸው ጋቢ አለበሳትና ፎቶ አንሺውን ጠራ።

«እሷን መሃል አድርጉ፣ ክበቧት» አለ።

ፎቶው እንደተነሳ ወይንሸት ጋቢውን አውልቃ፣ አጣጥፋ፣ ክንዱ ላይ አስቀመጠችለት።

«ጌቾ» አለችው ረጋ ብላ፣ «ባንዲራው ከወደቀ በኋላ መጥተው ለሚከቡትስ፣ እንግሊዞቹ ፈሊጥ አላቸው?»



በማግስቱ እናቷን ከአልጋ ወደ ሚኒባስ ሲያወጡ በአንድ ጎን ራሷ፣ በሌላው ሹፌሩ ሙባሪክ ደገፏቸው። ከሰባቱ አንድም አልመጣም። ፎቶውን ግን ጌታቸው በቴሌግራም ልኮላታል፤ ከሥሩም «ሁሌም ከጎንሽ ነን» ብሎ ጽፎበታል።