ሃያ አምስት አክሲዮን፣ በአጎቴ ስም

1.

አንገቱ ላይ ያንጠለጠለው ባጅ እንዲህ ይላል፦

ባለአክሲዮን
አቶ ንጋቱ ደምሴ
የአክሲዮን ብዛት፦ 25

ውሸት ነው። ስሙ እውነት ነው፣ ቁጥሩም እውነት ነው፣ ሰውየው ግን ውሸት ነው። ሃያ አምስቱም የኔ ናቸው። እኔ ሰናይት ነኝ። የእህቱ ልጅ። ሹሩባ ሠሪ። አዳማ። ዕድሜ ሃያ ሁለት። ንዴት፦ ልክ የለውም።

ፎቶውን የላከልኝ ራሱ ነው። የባንኩ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ነው፣ አዲስ አበባ፣ ትልቅ ሆቴል ውስጥ፤ ከጀርባው የቡፌው ሰልፍ ይታያል። ከሥሩ «ተመስገን፣ እዚህ ደርሰናል» ብሎ ጽፏል።

ደርሰናል?

ማን ከማን ጋር?

2.

በቁጥር የምጽፈው ስለምናደድ ነው። ስናደድ አንድ ነገር ጀምሬ መጨረስ አልችልም። ቁጥር ካለው ግን ተነሥቼ፣ ውሃ ጠጥቼ መመለስ እችላለሁ። ቁጥር ሲዘል ካያችሁ ውሃ ልጠጣ ሄጃለሁ ማለት ነው።

3. መመሪያ፦ ድሃ ሆነሽ አክሲዮን ለመግዛት

ሀ. አሥራ ሦስት ዓመት ይሁንሽ። ቅዳሜና እሑድ ሮማን የምትባል ሴት ፀጉር ቤት ሥራ ግቢ። ጣትሽ ቀጭን ስለሆነ ቁጥርጥር ሲመጣ ላንቺ ይሰጣል።

ለ. ዝም በይ። ደንበኞች ሹሩባ የምትሠራ ልጅ ጆሮ የላትም ብለው ነው የሚያስቡት። እጅሽ ጭንቅላታቸው ላይ እያለ በስልክ ስለ መሬት፣ ስለ ባል፣ ስለ ባንክ ያወራሉ። አንዷ «ይሄን አዲሱን ባንክ አሁን ግዢ፤ ኋላ አይገኝም» ስትል ስሚ።

ሐ. «አክሲዮን ምንድነው?» ብለሽ ጠይቂያት። ትስቃለች። ትሳቅ። በሚቀጥለው ወር ስትመጣ ደግመሽ ጠይቂያት።

መ. ጉርሻሽን ለእናትሽ አትንገሪ። ክፉ ስለሆንሽ አይደለም። ቤት የገባ ብር ዘይት ይሆናል፣ ኪራይ ይሆናል፣ የጎረቤት ለቅሶ ይሆናል። ሮማን ጋ አስቀምጪው።

ሠ. ሰኔ ሲገባ ጫማ አትግዢ። በሚቀጥለውም ሰኔ አትግዢ።

ረ. እንዲህ እያልሽ አራት ዓመት።

4.

ባለፈው ዓመት አንድ አሰልጣኝ አዳራሽ ውስጥ ሰብስቦን «ወጣቶች! እናንተ ተኙ፣ ገንዘባችሁ ይሥራ!» አለ። ሰው አጨበጨበ። እኔ አላጨበጨብኩም። እኛ ቤት አልጋው አንድ ነበር። እናቴ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ስታጥብ አድራ ጠዋት ትመጣለች፣ እኔ ተነሥቼላት ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። የምንተኛው በተራ ነበር።

ቀጠለ ደግሞ። «ድሃ ድሃ የሆነው መቆጠብ ስለማያውቅ ነው።» እጄን አወጣሁ። ማይኩን ለሌላ ሰው ሰጡት።

አቦ፣ ተወኝ!

5.

ወደ ነገሬ ልመለስ። አሥራ ሰባት ዓመቴ። ብሩን በፌስታል ጠቅልዬ ባንኩ አክሲዮን ወደሚሸጥበት ቢሮ ሄድኩ። የተቀበለኝ ልጅ ከኔ ብዙም አይበልጥም፤ ክራቫት ግን አስሯል።

— መታወቂያ?

— የለኝም። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው።

— እንግዲያው የወላጅ አምጪ።

— የእናቴ ጊዜው አልፎበታል።

— ቀበሌ ሄዳ ታሳድሰዋ!

ታሳድሰዋ! ቀበሌው «የቤት ቁጥር» ይላል። እኛ ሰው ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተን ነው ያለነው። አከራያችን «በኔ ቤት ቁጥርማ አትመዘገቡም፤ ማከራየቴ ከታወቀ ግብር ይቆልሉብኛል» ብላለች። ከዚያ በፊት የነበረችውም እንደዚያው ብላ ነበር። አባቴ የት ነው ካላችሁ የለም። ሞቶ አይደለም፣ የለም። ያኔ ደግሞ የቤት ቁጥር የማይጠይቀው፣ ፋይዳ የሚባል መታወቂያ ገና አልመጣም።

ልጁ አዘነልኝ መሰለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

— የምታምኑት ዘመድ የላችሁም? በሱ ስም አድርጊውና ኋላ ታዞሪዋለሽ። ቀላል ነው።

የቤት ቁጥር ላለው ሰው ሁሉም ነገር ቀላል ነው።

6.

ስም።

የጎደለን እሱ ብቻ ነበር። ብር ነበረኝ! ድሃ ብር ሲኖረው ደግሞ ስም ያጣል።

እናቴ ስለ ገንዘቡ ያን ቀን ነው የሰማችው። መጀመሪያ «ላም አለኝ በሰማይ» አለች። ከዚያ ጫማዬን አየችና አለቀሰች። ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች። «ነይ፣ ንጋቱ ጋ እንሂድ። ስሙን ብቻ ነው የምንፈልገው። ስሙን ቢያውሰን ምን ይጎድልበታል?»

ንጋቱ ታላቅ ወንድሟ ነው። ከስኳር ፋብሪካ ጡረታ የወጣ፣ የቀበሌ ቤት ያለው፣ መታወቂያው ላይ የቤት ቁጥር የተጻፈለት። እሺ አለ። ፈረመ። በመንገድ ላይ ለእናቴ «ወረቀት እንጻጻፍ እንዴ?» አልኳት። ክንዴን ቆነጠጠችኝ። «ወረቀት ያልሽ ጊዜ አላምንህም አልሽው ማለት ነው። የገዛ ወንድሜን?»

አልተጻጻፍንም። ለሥጋ ዘመድ ወረቀት ማጻፍ ስድብ ነው። እናንተም ብትሆኑ አትጽፉም፤ አትዋሹ።

ያን ቀን ከቢሮው ስወጣ ግን፣ ላልዋሻችሁ፣ በተቀደደ ጫማ የባንክ ባለቤት ነበርኩ። ባጃጅ እንኳ አልያዝኩም፤ እስከ ቤት በእግሬ እየሳቅኩ ሄድኩ።

7. ጋሽ ንጋቱ ያደረገልን («አሳድጌሻለሁ» ስለሚል)

— አንድ ደርዘን ደብተር፣ አራተኛ ክፍል ስገባ።
— አንድ ጥፊ፣ ስድስተኛ ክፍል።
— የበግ ጭንቅላትና እግር፣ ሁለት ፋሲካ።
— ምክር። ብዙ ምክር።

8.

እሺ። አንድ አስቀርቻለሁ።

አንዷ አከራይ ዕቃችንን ዝናብ ላይ ያወጣችብን ክረምት ኮሪደሩ ላይ ሦስት ወር አስተኝቶናል። ፍራሽም ሰጥቶናል። ይህን የምጽፈው ፈልጌ አይደለም፤ ካልጻፍኩት እኔም እንደሱ ካጅ ስለምሆን ነው።

ሦስት ወር ኮሪደር። እና ኪራዩ አራት ዓመት ጣቴ ነው?

10.

አሥራ ስምንት ሞላኝ። ቆይቶም ፋይዳ መጣ፣ ተመዘገብኩ። ከመጀመሪያዎቹ ተሰላፊዎች ነበርኩ። መታወቂያዬን ይዤ ቤቱ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ መታወቂያዬ ደርሷል። ስሙን እናዙረው።»

መልሶቹ፣ በየጊዜው፦

«ከፋሲካ በኋላ።»

«ክረምቱ ይውጣ።»

«ወገቤን አሞኛል፤ ቢሮ ለቢሮ አልንከራተትም።»

«ምን ያስቸኩልሻል? ባዕድ ጋ ነው ያለው?»

«የምን አክሲዮን?»

11.

የእናቴ ስም ተጽፎ የሚገኝበት አንድ ቦታ አለ፤ የጋሽ ንጋቱ የእድር ካርድ ላይ፣ «ቤተሰብ» ከሚለው ሥር። የቤት ቁጥር ስለሌላት በራሷ አልመዘገቧትም። መዋጮዋን በየወሩ ለሱ ትሰጠዋለች፣ እሱ በስሙ ይከፍላል።

እናቴ ሞት አያስፈራትም። የምትፈራው ድንኳን የሚተክልላት፣ ሬሳዋን የሚሸኝላት፣ ሦስት ቀን ከልጇ ጋር የሚቀመጥ ሰው ማጣትን ነው።

— ተይለት፣ ሰናይት።

— የኔ ነው እኮ እማዬ!

— ያንቺ ነው። ማን ያንቺ አይደለም አለ? ግን ተይለት። ተናዶ ከእድሩ ቢያወጣኝ ማን ይቀብረኛል?

— አንቺ ለመቀበር ብለሽ እኔ መኖሬ ይቅር?

ጮኼ ነው ያልኳት። ግቢው በሙሉ ሰማ። እሷ ሽንኩርት መላጧን ቀጠለች። አሁን ሳስበው አፍራለሁ። ደግሞም ልክ ነበርኩ።

12.

ሽማግሌ ተቀመጠ።

ቦታ፦ የጋሽ ንጋቱ ሳሎን፣ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ።
ሽማግሌዎች፦ የእድሩ ዳኛ አቶ ሽብሩ፤ ጎረቤቱ ሻምበል ወርዶፋ።

ልቀዳ ስልኬን አውጥቼ ነበር። አቶ ሽብሩ ተቀብለው አጠፉት። «ሽማግሌ ፊት አይቀዳም፣ ልጄ።» ስለዚህ ይህ ከጭንቅላቴ ነው። ጭንቅላቴ ደግሞ አይረሳም።

ሻምበል፦ ንጋቱ፣ እውነቱን እንነጋገር። ብሩ የማን ነው?

ንጋቱ፦ ብሩማ የሷ ነው። አልካድኩም። ግን ያለ ስም ብሩን ማን ይቀበላት ነበር? ስሙ የኔ ነው።

እኔ፦ ሰማችሁ? የሷ ነው አለ!

አቶ ሽብሩ፦ ረጋ በይ እንጂ። ታላቅሽ ነው።

ንጋቱ፦ አፏን አያችሁልኝ? በየዓመቱ ጉባኤ እየሄድኩ የምንገላታው እኔ!

እኔ፦ ለቡፌው!

(ሻምበል ሳቃቸው ሊያመልጣቸው ሲል ሳሉ።)

ንጋቱ፦ ሸጬ ልጄን ልድርበት አስቤያለሁ። ሰው ሁሉ ሰምቷል። አሁን ምን ብዬ ልመለስ? እሷ ገና ልጅ ናት፣ ሌላ ትገዛለች። በዚህ ከተካሰስን ግን ዘመድ አይደለንም ማለት ነው። ዘመድ ካልሆንን እናቷ በለጡ ካርዴ ላይ ምን ትሠራለች?

(እናቴ መሬት መሬት ታያለች።)

አቶ ሽብሩ፦ ኧረ እዚያ አትድረሱ። እንዲህ ይሁን፤ ግማሹ ያንቺ፣ ግማሹ የሱ። ሃያ አምስት እኩል ስለማይከፈል አንዷን ለታላቅነቱ ትተይለታለሽ።

እኔ፦ ለታላቅነቱ!

አቶ ሽብሩ፦ አሁን ተነሺ፣ ጉልበቱን ሳሚና ነገሩ ይለቅ።

እኔ፦ ምን አጥፍቼ?

ሻምበል፦ ለሰላም ነው፣ የኔ ልጅ። ለእናትሽ ስትይ።

13.

ለእናትሽ ስትይ።

ይህን ቃል የሚችል አለ? እኔ አልቻልኩም። ተነሣሁ። ሳሎኑን አቋረጥኩ፤ ምንጣፉ አበባ አለው። ጋሽ ንጋቱ እግሩን ገጥሞ፣ ሱሪውን አስተካክሎ፣ ተዘጋጅቶ ጠበቀኝ። የሳቀ መሰለኝ። ተንበረከክሁ።

«ሰናይት።»

እናቴ ናት። ድምጿ አልጮኸም።

«ተነሺ።»

«ኧረ በለጡ፣ ተይ፣ እያለቀ ነው» አሉ አቶ ሽብሩ።

«ተነሺ አልኩሽ! ንጋቱ፣ ስሜን ከካርድህ ፋቀው።»

ሁለቱም ሽማግሌዎች አማተቡ።

«ኧረ አንቺ ሴትዮ!» አሉ አቶ ሽብሩ። «ነገ ብትሞቺ የት ልትወድቂ ነው?»

«ስሞትማ አላየውም። ልጄ ስትንበረከክ ግን እያየሁ ነው።»

14.

ከሽምግልናው ወደ ቤት በባጃጅ ሄድን። እጄን ይዛኛለች። «እምቢ ካለ ይበል፣ ክሰሺው» አለችኝ።

15.

ለመክሰስ የያዝኩት ጠበቃ የሰጠኝ ወረቀት። ርዕሱ፦ ገንዘቡ የከሳሽ መሆኑን የሚያውቁ ምስክሮች። ቢያንስ ሦስት ይኑሩሽ ብሎኛል።

1ኛ. ወ/ሮ በለጡ ደምሴ። እናት ስለሆነች ብቻዋን አትበቃም ተብያለሁ።

2ኛ. ወ/ሮ ሮማን። የፀጉር ቤቱ ባለቤት። መጀመሪያ «እኔና ፍርድ ቤት ምን አገናኘን?» አለች። ሦስት ቀን ሳኮርፋት እሺ አለች።

3ኛ. አቶ ሽብሩ። ጋሽ ንጋቱ «ብሩማ የሷ ነው» ሲል በጆሯቸው ሰምተዋል። ቤታቸው ሄድኩ። «ሽማግሌ የሰማውን አያወጣም» አሉኝ። ተሰርዟል።

3ኛ. ሻምበል ወርዶፋ። «ልጄ፣ እኔ ከንጋቱ ጋር አጥር ለአጥር ነኝ፤ ነገም አብሬው እኖራለሁ።» ተሰርዟል።

3ኛ. አክሲዮን መሸጫው ቢሮ የተቀበለኝ፣ ክራቫት ያሰረው ልጅ። ሥራ ቀይሯል፤ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። ተሰርዟል።

እናንተስ? እስከዚህ አንብባችኋል። ስለ ጣቴም፣ ስለ ጫማዬም፣ በዚያ ሳሎን ስለተባለውም ሰምታችኋል። እንግዲህ «አላውቅም» አትበሉኝ።

3ኛ. ______________________